ማሽኑ የማያውቃቸው ቀናት

«እኔ አንድ ቃል አልናገርም፣ ጋሽ ይልማ። ኮምፒውተሩ ይናገር። ኮምፒውተሩ የማያውቀውን እኔም አላውቅም።»

ዓለምፀሐይ ይህን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጓሮው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ጀሪካን ስትሞላ ነው። ባሏ ሰይፉ ከማንጎው ዛፍ ሥር ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል፤ በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው የጥርስ ብሩሹን ይዟል። መናኸሪያ ውስጥ ለመኪኖች ስምሪት ሲሰጥ ድምፁ እስከ ቀበሌው ድረስ የሚሰማው ሰው፣ ስልክ ሲያወራ እንደ ዲያቆን ነው የሚለሳለሰው። በወዲያኛው ጫፍ ያሉት ጋሽ ይልማ፣ ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሚመጡት ሽማግሌዎች ዋናው ናቸው። እሳቸው ይህን ቃል የትሑት ሰው ቃል አድርገው ሳይቀበሉት አይቀሩም። ዓለምፀሐይ ግን ጀሪካኑ ሞልቶ ውሃው ጫማዋ ላይ እስኪፈስ ድረስ ከጎነበሰችበት አልተነሳችም። ኮምፒውተሩ የማያውቀው ምን እንደሆነ በሸዋ ሮቢት ከተማ ጠንቅቃ የምታውቅ ሰው ብትኖር እሷ ናት። ኮምፒውተሩ ጳጉሜን አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለምፀሐይ በአንድ ሆቴል ገንዘብ ተቀባይ ናት። የዛሬ ስድስት ዓመት የሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛ ኤርሚያስ የቤት ወጪና ገቢ የሚመዘግብ ፕሮግራም በአሮጌ ላፕቶፕዋ ላይ ጫነላት። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ያልተጻፈ ነገር የለም። ሽንኩርት ተጽፏል፣ የባጃጅ ተጽፏል፣ ለለቅሶ የተዋጣ ተጽፏል፤ ሰይፉ አንዴ ጠጥቶ የገባ ቀን ለሁለት ቢራ ያወጣው ሳይቀር «ልዩ ልዩ» በሚል ርዕስ ሥር ተጽፏል። ጎረቤት ሲመጣ ላፕቶፑን ከፍታ ባታሳይ ደስ አይላትም ነበር። ኤርሚያስ በፈረንጅ ቀን እንድትጽፍ ቢመክራት አልሰማችውም፤ ደመወዟን የምትቀበለው በወሩ በሠላሳ ነው፣ በፈረንጆቹ ስንት እንደሚሆን ማን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል። መስከረምን አንድ፣ ጥቅምትን ሁለት እያለች ስትጽፍ ማሽኑም ዝም ብሎ ተቀበላት። ጥቅምት ሠላሳ ላይ ግን ደመወዟን ብታስገባ አልቀበልም አለ፤ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን የለውም ብሎ በቀይ ጻፈባት። ጳጉሜ ሲደርስማ ጭራሽ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም ብሎ ድርቅ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ይተወው ነበር። እሷ ግን «ጳጉሜ» የሚል ሌላ ትንሽ ፋይል ከፈተች፤ ማሽኑ የናቃቸውን ቀናት ሁሉ እዚያ ሰበሰበች፤ የእያንዳንዱን ትክክለኛ ቀን በማስታወሻው ቦታ ላይ ጻፈች፤ የእያንዳንዱን ብር ደግሞ በትልቁ ፋይል መስከረም አንድ ላይ በየመስመሩ «ከጳጉሜ የዞረ» ብላ አስገባች። በዚህ ብልሃቷ በልቧ ለራሷ ሽልማት ሰጥታለች።

ይህንን ምስጢር የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ከሁለት ወር በፊት ሰይፉ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠና፣ «እስቲ አሳዪኝ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?» አላት። በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። እንዴት ደስ እንዳላት። ፋይል እንዴት እንደሚገለበጥ፣ አንድ ስም በስህተት ተጽፎ ከሆነ ከላይ እስከ ታች በአንዴ እንዴት እንደሚቀየር፣ የጠፋ ፋይል ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እንዴት እንደሚገኝ፣ ከዚያም ሲወጣ ጨርሶ እንደማይመለስ፣ ሁሉንም አስተማረችው። እሱም እንደ ጎበዝ ተማሪ እየደጋገመ ጠየቃት። በዚያ ምሽት ምነው እንዲህ ጠያቂ ሆነ ብላ አላሰበችም። ባል አጠገብ ተቀምጦ ሲያደምጥ ሴት ስንት ነገር ሳታስብ ታልፋለች።

አሁን የሚያከራክረው የሰይፉ ታላቅ እህት የእትዬ አሰገደች ገንዘብ ነው። አጣዬ በተቃጠለችበት ዓመት ሱቋ ከነዕቃው ሲነድ፣ እሷ አንድ ጋቢና የባንክ ደብተሯን ይዛ ወንድሟ ቤት መጣች። ያኔ ሰይፉ ይህንን ቤት ሊገዛ ቀብድ ከፍሎ መጨረሻው ጎድሎት ነበር። ጳጉሜ አራት ቀን እሷ ሁለት መቶ አርባ ሺህ ብር ከባንክ አውጥታ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ፣ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት። ዓለምፀሐይ ቆጠረች፤ ጻፈች። በወንድምና በእህት መካከል ወረቀት ያሰበ አልነበረም። ባንኩም ቢጠየቅ ማውጣቷን እንጂ ለማን እንደሰጠች አይናገርም። ካርታው በሰይፉ ስም ወጣ፣ አሰገደች ከጓሮ ካለችው ሰርቪስ ቤት ገባች፣ አራት ዓመት ከመንፈቅም አለፈ። አሁን ሰይፉ ለቤቱ ገዢ አግኝቷል። ሽጦ ሚኒባስ ሊገዛ ነው። አሰገደች «እንግዲያው ድርሻዬን ስጠኝና አጣዬ ተመልሼ ሱቅ ልከራይ» ስትለው፣ «የምን ድርሻ ነው እቴ፤ የበላሽው የጠጣሽው፣ ያደርሽበት ቤት ሲቆጠር አንቺው ታወጪ ይሆናል» አላት። በሽማግሌ እንየው ሲባል ደግሞ አሰገደች ራሷ ናት፣ «ዓለምፀሐይ ጽፋዋለች። እሷ የጻፈችውን አንብባ ያለችውን እቀበላለሁ» ያለችው።

ሰይፉ ለሽማግሌዎቹ ለስላሳ ሊገዛ ወጣ። ዓለምፀሐይ በሩ ሲዘጋ ሰምታ ላፕቶፑን ከፈተች። ከፎልደሩ ውስጥ ትልቁ ፋይል ብቻውን ተቀምጧል። «ጳጉሜ» የለችም። ቆሻሻ መጣያውን ከፈተች፤ ባዶ ነው። እሷ ከዚያ ውስጥ አንድም ነገር አውጥታ ጥላ አታውቅም፤ የሆቴሉ የፋሲካ ምግብ ዝርዝር እንኳ ከሦስት ዓመት በፊት የጣለችው እስከ ትናንት እዚያው ነበር። ተጠርጎ፣ ታጥቦ የወጣ ቤት ይመስላል። የእጅ ቦርሳዋን ዚፕ ከፍታ የፋይሎቹን ቅጂ የያዘችባትን ፍላሿን ፈለገች፤ ከውስጠኛው ኪስ ውስጥ አጣቻት። ሰይፉ ተመልሶ ጠርሙሶቹን ባልዲ ውስጥ ሲደረድር በተቻላት መጠን ቀለል አድርጋ፣

«ፍላሿን አይተሃታል?» አለችው።

«ለዚያ ለጎረቤቱ ልጅ ለኪሩቤል ሰጠሁት። የሠርጉን ቪዲዮ እንዲገለብጥልኝ ነው። ፍላሹ ሞልቷል ቢለኝ፣ አጽዳውና ተጠቀምበት አልኩት።» ጠርሙሶቹን መደርደር አላቆመም። «የሚያስፈልግሽ ነገር ነበረበት እንዴ?»

«ኧረ የለም።»

በዚህ መሀል አሰገደች ከጓሮ ገባች። የተቆረጠ ፓፓያ በሳህን ይዛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ፓፓያ ገዝታ፣ ልጣ፣ ከትፋ ታመጣለች፤ ለአራት ዓመት ከመንፈቅ አንድም ቅዳሜ አልዘለለችም። ዛሬ ትዘላለች ብሎ የጠበቀ ነበረ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ማንም ቁጭ በይ አላላትም፤ እሷም አልተቀመጠችም። ሰይፉ አንድ ቁራጭ አንሥቶ በላ። ከዚያ ሌላ አንሥቶ በላ። «ጣፋጭ ነው» አለ ወደ ሳህኑ። አሰገደች የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እያፍተለተለች ዓለምፀሐይን አየቻት፤ በዓይኗ ምንም አልጠየቀቻትም፤ ያመነ ሰው ምን ይጠይቃል። ወጣች። ቁንጫ የምታህል ዝንብ ፓፓያው ላይ አረፈች፤ ዓለምፀሐይ አላባረረቻትም።

አራት ሰዓት ሲሆን፣ «የሒሳብ ርክክብ አለብኝ፣ ሆቴል ደርሼ እመጣለሁ» አለች። ቅዳሜ የዕረፍት ቀኗ እንደሆነ ሰይፉ ያውቃል። ጠየቃት ማለት አይቻልም፤ ብቻ ከሸሚዝ ኪሱ ሃምሳ ብር አውጥቶ ለባጃጅ ብሎ በእጇ አስያዛት። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ባጃጅ ከፍሎላት የሚያውቀው ፌቨንን ልትወልድ ጤና ጣቢያ የሄደች ቀን ነው። ብሩ መዳፏን እንደ ትኩስ ነገር አቃጠላት። መንገዱ ላይ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ጉሮሮ ይይዛል፤ ከደሴ በኩል የሚመጡ የጭነት መኪኖች ሽንኩርት ሊጭኑ ተሰልፈዋል፤ አንድ ኪሎ ትናንት ስልሳ ነበር፣ ዛሬ ሰባ ሆኗል ብሎ ባለባጃጁ አማረረላት። ሌላ ቀን ቢሆን ከባለባጃጁ ጋር አብራ ታማርር ነበር። ዛሬ እሺ፣ እሺ ብቻ አለችው።

ኤርሚያስ የሒሳብ ክፍሉ ውስጥ ማራገቢያውን ፊቱ ላይ አዙሮ ደረሰኝ ያገላብጣል። ሲያያት ሳቀ።

«እትዬ ዓለም፣ በዕረፍት ቀንሽም ናፈቅንሽ? ደመወዝ የለም ገና።»

«አንተን ማን ይናፍቃል። ፋይሌን ልይ ብዬ ነው።»

«ውይ፣ ይሄ ፋይል ዘንድሮ ፈላጊው በዛ። ጋሽ ሰይፉም ሐሙስ ዕለት መጥቶ ነበር።»

ዓለምፀሐይ ወንበሩን ይዛ ቆመች። «ምን ብሎ?»

«‹የዓለም ፋይል እዚህም ተቀምጧል እንዴ?› አለኝ። አዎ፣ በየወሩ ታስቀምጣለች፣ ፓስወርዱን ግን ከሷ በቀር የሚያውቀው የለም አልኩት። ‹ጎበዝ ናት› አለኝ። ለስላሳ ጋብዞኝ ሄደ። ምነው፣ የተበላሸ ነገር አለ?»

«ምንም የለም። ቤተሰብ ነው።»

ፓስወርዷን አስገባች። ተከፈተ። ሁለቱም ፋይሎች አሉ፤ ባለፈው ወር መጨረሻ እንዳስቀመጠቻቸው። ትንሿን ከፈተች። ጥቅምት ሠላሳ፣ ጥቅምት ሠላሳ፣ ጳጉሜ አንድ የበግ ቀብድ፣ ጳጉሜ ሁለት የውሃ፣ እያለች ወረደች፤ ጳጉሜ አራት ላይ ደረሰች። አለች። «ከእትዬ አሰገደች፣ ለቤቱ መጨረሻ ክፍያ።» በዚያን ቀን «እትዬ» ብላ መጻፏን ረስታው ነበር፤ በሒሳብ ላይ እንዲህ የሚጽፍ ሰው የለም። አንዲቱን ገጽ አተመች፣ ለወረቀቱ አሥር ብር ኤርሚያስ ጠረጴዛ ላይ ትታ፣ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የማተሚያው ሙቀት ገና ከወረቀቱ አልወጣም ነበር።

ከሆቴሉ በር ስትወጣ አንድ ባጃጅ ጥላ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ሰይፉ ውስጡ ተቀምጧል።

«ፀሐዩ ይበረታብሻል ብዬ» አለ፤ ጠጋ አለላት።

ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ የሞተሩን ጩኸት አልፎ እንዲሰማት ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለና፣ «ሚኒባሱን በአንቺ ስም ነው የማወጣው፣ ዓለሜ። ሊብሬው ላይ የሚጻፈው ያንቺ ስም ነው። ከማንም ጋር አልተማከርኩበትም» አላት። እሷ ወደ መንገዱ አየች። ፌቨን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። በስሟ የወጣ ነገር ከመታወቂያዋና ከዚያ አሮጌ ላፕቶፕ በቀር የላትም። ሰውዬው የሚጠይቃት ደግሞ ትንሽ ነገር ነው፤ ውሸት እንኳ አይደለም፤ ትልቁን ፋይል ከፍታ ያለውን ማንበብ ብቻ። የማትናገረውን መስከረም አንድ ላይ ያለው መስመር ይናገርላታል። «ከጳጉሜ የዞረ» ይላል፤ ጋሽ ይልማ የተማሩ ሰው ናቸው፣ ጳጉሜ የታለች ብለው ይጠይቃሉ፣ ነገሩ በራሱ ይወጣል፤ እሷ ከባሏም ከእህቱም ሳትጣላ መሀሉን ትሄዳለች። እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነች። ሰይፉ ቦርሳዋን አየ።

«ርክክቡ አለቀ?»

«አለቀ።»

«ጥሩ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽማግሌዎቹ መጡ። ጋሽ ይልማ ከመሀል፣ የእድሩ ዳኛ ከቀኝ፣ የንስሐ አባታቸው ከግራ ተቀመጡ። አሰገደች ከበሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ላፕቶፑ ከጠረጴዛው መሀል፣ ከለስላሳዎቹ መካከል ተከፍቶ ነበር፤ ሁሉም እንደ ትልቅ እንግዳ ጎንበስ ብለው አዩት። የእድሩ ዳኛ ጠርሙሱን ራቅ አደረጉለት፣ እንዳይፈስበት። የንስሐ አባት ጸሎት አደረሱ። ጋሽ ይልማ መነጽራቸውን እያጸዱ፣

«ሁለቱም ወገን ይህ ማሽን የሚለውን እንቀበላለን ብሏል። እንዲያ ነው?» አሉ።

«እንዲያ ነው» አለ ሰይፉ።

አሰገደች ራሷን ነቀነቀች። «ልጅቷ ስታነብ እሰማለሁ።»

«በይ ልጄ። ከ2013 ነሐሴ ጀምሪ።»

ዓለምፀሐይ አነበበች። የነሐሴን ጤፍ፣ የነሐሴን መብራት፣ የነሐሴን ለቅሶ። ድምፅዋ ሆቴል ውስጥ ሒሳብ ስትናገር እንደምታወጣው ዓይነት ነው፤ ስሜት የለበትም። ነሐሴ ሠላሳን ጨርሳ «መስከረም አንድ» ስትል ጋሽ ይልማ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። መሀል ላይ ጳጉሜ አለች እኮ። ሴትዮዋ ሰጠሁ የምትለው በጳጉሜ ነው።»

ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው። በጫማዋ ጫፍ ይነካታል።

«ማሽኑ ጳጉሜን አያውቅም፣ ጋሽ ይልማ።»

የእድሩ ዳኛ ሳቁ። «እውነቷን ነው። ፈረንጅ ጳጉሜን ከየት አምጥቶ ያውቃል።»

ከተናገረችው ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል የለም። ያስደነገጣትም ይኸው ነው። አሰገደች ከዱካዋ ላይ ሆና እያየቻት ነው፤ አልተቆጣችም፤ ገና ንግግሩ ያላለቀ መስሏት የቀረውን እንደሚጠብቅ ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋለች። የቀረው ግን አልመጣም። ሰይፉ መሬት መሬት እያየ ጉልበቱን በመዳፉ ያሻል።

«እሺ» አሉ ጋሽ ይልማ፤ «መስከረም አንድ ምን ይላል?»

ዓለምፀሐይ መሀሉን የምትሄድበት መስመር ይኸው ደረሰላት ብላ ዓይኗን ወደዚያ ላከች። «ከጳጉሜ የዞረ» የሚለው የለም። ብሩ አለ፤ ሁለት መቶ አርባ ሺህ፤ ፊት ለፊቱ ያለው ጽሑፍ ግን ሌላ ነው። ጠዋት የጠፋችውን ፋይል ስትፈልግ የቀረውን አልከፈተችውም ነበር። «የሰይፉ ቁጠባ» ብላ አነበበች። የራሷ ድምፅ ከሩቅ መጣባት።

«ቀጥዪ።»

ቀጠለች። መስከረም ሦስት፣ ለቤቱ መጨረሻ ክፍያ። መስከረም ስምንት፣ የፌቨን ደብተር። መስከረም ሠላሳ፣ ደመወዝ፣ ሰይፉ፣ አምስት ሺህ አንድ መቶ። መስከረም ሠላሳ፣ ደመወዝ፣ ሰይፉ፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ። እዚህ ላይ ቆመች። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ደመወዝ አይቀበልም። አራት ሺህ ሁለት መቶው የሷ ነው። ወደ ታች አወረደችው፤ ኅዳር ሠላሳ፣ ደመወዝ፣ ሰይፉ፤ ታኅሣሥ ሠላሳ፣ ደመወዝ፣ ሰይፉ፤ አወረደችው፣ አወረደችው፤ ከ2012 እስከ ዘንድሮ፣ በየወሩ፣ ሆቴሉ ከሚከፍላት ውስጥ አንዲት ሳንቲም በስሟ የለችም። ስሟ ከላይ እስከ ታች በአንዴ ተቀይሯል። እንዴት እንደሚደረግ ያስተማረችው እሷ ናት።

«ምነው ልጄ?» አሉ የንስሐ አባት።

«ይሄ የኔ ደመወዝ ነው» አለች ዓለምፀሐይ።

ሰይፉ ቀና አለ። «ዓለሜ፣ ያንቺ የኔ ተባብለን እናውቃለን እንዴ? በአንድ ቤት ውስጥ።»

«ማን ነው የቀየረው?»

«እኔ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ። ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ።» ይህንን የተናገረው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ በፈገግታ ነው።

ያን ጊዜ ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ወረቀቱን አውጥታ ከጋሽ ይልማ ጉልበት ላይ አኖረችው። ጋሽ ይልማ መነጽራቸውን አስተካክለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «ጳጉሜ አራት ቀን 2013። ከእትዬ አሰገደች፣ ለቤቱ መጨረሻ ክፍያ። ሁለት መቶ አርባ ሺህ።» የእድሩ ዳኛ ወደ ላፕቶፑ አዩ፣ ወደ ወረቀቱ አዩ። ዓለምፀሐይ አለቀ ብላ ተነፈሰች።

«ይህ ወረቀት ከመቼ ጀምሮ ነው ቦርሳሽ ውስጥ ያለው?» አሉ ጋሽ ይልማ።

«ከጠዋት።»

«ቅድም ጳጉሜ የታለች ስልሽ እዚህ ነበር?»

«ነበር።»

«ምን አልሽኝ?»

ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ተማሪ የቀጡ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት።

«የደመወዝሽን ነገር ባታዪ ኖሮ ይህ ወረቀት ከቦርሳሽ ይወጣ ነበር?»

የዚህን መልስ አሰገደችም ጠበቀች። ዓለምፀሐይ ወደ እሷ ማየት አልቻለችም። ሰይፉ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ፣ ሚስቱ የታመመችበት ሰው ይመስል።

«እንግዲህ እኔ ሐሰት ነው አላልኩም» አሉ ጋሽ ይልማ ወረቀቱን እያጠፉ። «ግን ስትጠየቂ ደብቀሽ፣ ስትቀየሚ ያወጣሽው ነው። ይህን ይዘን ብንፈርድ ነገ ሰው ይስቅብናል። ወረቀትማ ማንም ያትማል። ወረቀቱ የወጣበትን ማሽን በዓይናችን እናያለን። የት ነው ያለው?»

ዓለምፀሐይ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር ነበረባት።

«ሆቴሉ። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ውስጥ። ሌላ ቦታ የለም።»

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት ለምን እንደጨመረቻቸው አታውቅም። ሰይፉ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያት።

«ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠሮ አድርገናል» አሉ ጋሽ ይልማ፤ ተነሡ። አሰገደች ከዱካዋ ተነሥታ ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበለች፤ ማንበብ የምትችለው ስሟን ብቻ ነው፤ ስሟን ፈልጋ አገኘችውና ወረቀቱን በደረቷ ውስጥ ከታ በጓሮ በኩል ወጣች።

ሰይፉ ሽማግሌዎቹን እስከ በር ሸኝቶ ተመለሰ። ባዶ ጠርሙሶቹን ሰበሰበ፤ ጠረጴዛውን ወለወለ፤ ይህንንም ሲያደርግ አይታው አታውቅም። ላፕቶፑን ዘጋና በብብቱ ሥር ያዘው። ከዚያ ወንበሩን ጎትቶ ልክ የዚያን ምሽት እንዳደረገው አጠገቧ ተቀመጠ።

«የሆቴሉ ፓስወርድ ምንድን ነው?»

የሽንኩርት ዋጋ የሚጠይቅ ይመስላል።

«ኤርሚያስ ጥሩ ልጅ ነው» አለ ሰይፉ። «የሰው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ የግል ነገር ማስቀመጡ ግን ለሱም ጥሩ አይደለም። ባለቤቱ ቢሰማ ከሥራ ነው የሚወጣው። አንቺም። ፌቨን አንድ ዓመት ነው የቀራት።» ትከሻዋን በቀስታ መታ መታ አደረጋት። «ሰኞ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ታስታውሺዋለሽ።»

ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች። ወዴት ነሽ አላላትም። ጓሮውን አቋርጣ ወደ አሰገደች ሰርቪስ ቤት ሄደች፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ይተፋል። አሰገደች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣ፣ ሁለት ድስትና አንድ ጀሪካን ነው የያዘችው፤ ዓለምፀሐይ በአራት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ለመቆም ካልሆነ ገብታባት አታውቅም። ዛሬም ቆመች።

«ጠብቄሽ ነበር» አለች አሰገደች። «ጳጉሜን አያውቅም ስትዪ፣ አሁን ቀጥላ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩሽ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ስምሽ ባይነካ ዝም ብለሽ ነበር።»

«አዎ።»

ከሳሎኑ በኩል የወንበር መንፏቀቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የጓሮው በር ሲከፈት ተሰማ።

«ሆቴላችሁ እሑድ ክፍት ነው?» አለች አሰገደች።

«ሁልጊዜም ክፍት ነው።»

«የምትጽፊበትን ማሽን ለሽማግሌዎቹ ነገ እናሳያቸዋለን። ቅዳሜን አልጠብቅም። ጋሽ ይልማን ከቅዳሴ መልስ እኔ ራሴ እግራቸው ላይ ወድቄ አመጣቸዋለሁ።» ይህን ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺን አምኜሽ አይደለም። የምትከፍቺው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ ነው።»

ጓሮው ውስጥ የሰይፉ ጫማ ጠጠሩን እየረገጠ መጣ። አልቸኮለም። ከቧንቧው አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ቧንቧውን ግን አልከፈተውም። አሰገደች አዳመጠች። ከዚያ በአልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።

«በሩን ቀርቅሪው» አለቻት።